ወንጀሉ የት ተፈጸመ?

«በስልክ አይወራም።»

ይህቺን ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ካለ ብርቅ ነው። እናት ለልጇ ትለዋለች፣ ነጋዴ ለደንበኛው ይለዋል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ለሚስቱ ይላታል። መንግሥት ተለዋወጠ፣ ስልኩም ከጠረጴዛ ወርዶ ኪስ ገባ፤ አባባሏ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከአገር የወጣውም ሰው ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ጠቅልሎ ይዟት ሄደ። ዛሬም ከአገር ቤት ጋር በሚደረግ ጥሪ መሀል ድምፅ ድንገት ዝቅ ይልና «እሱን ተወው፣ ስንገናኝ» ይባላል።

ጠርጥሮ መኖር አንድ ነገር ነው። ግን በእርግጥ ብትጠለፉስ? ጠላፊው አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ እናንተ ደግሞ አሜሪካ ሳሎናችሁ ውስጥ ብትሆኑስ? አቤት የሚባለው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ ፍርድ ቤት የገባ አንድ ሰው ነበር። ተሸነፈ። የተሸነፈበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ማወቅ ደግሞ ይገባናል ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአዋጆቹ ዓመት ብቻ በኛው ነው።)

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2014 ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ክስ ተመዘገበ። ከሳሹ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥገኝነት ያገኘ። ተከሳሹ ደግሞ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ። አዎ፣ ራሱ መንግሥት። ከሳሹ የቀረበው በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን «ኪዳኔ» በሚል የሕቡዕ ስም ነበር። እዚያም እዚህም ያሉ ቤተሰቦቹ በሱ የተነሳ እንዳይጎዱ ስለሰጋ፣ ፍርድ ቤቱ በዚሁ ስም እንዲከራከር ፈቀደለት።

የክሱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ከኦክቶበር 2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 አጋማሽ፣ ለአራት ወር ተኩል ያህል፣ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር በኪዳኔ ኮምፒውተር ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል። የገባው ከኢሜይል ጋር ተያይዞ በመጣ የወርድ ሰነድ ተሸሽጎ ነው፤ ያውም ከማያውቀው ሰው አይደለም፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ደርሶት አስተላልፎለት እንጂ። ከዚያ በኋላ የስካይፕ ጥሪዎቹን ቀድቷል፣ የኢሜይል ልውውጡን ገልብጧል፣ የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሳይቀር መዝግቧል። ኪዳኔ የተቃዋሚ ፖለቲካ ሰው እንደሆነ አልደበቀም። በወቅቱ አገር ቤት በአሸባሪነት ለተፈረጀው ለግንቦት 7 አባላት የቴክኒክ እርዳታ ያደርግ እንደነበር ክሱ ላይ ሰፍሯል። ይህን የምጽፈው ጻድቅ ወይም ኃጥእ ነው ለማለት አይደለም። የሰው ቤት በሕግ የሚጠበቀው የቤቱ ባለቤት ፖለቲካው ስላማረን አይደለማ።

ሰውዬው መሰለሉን እንዴት አወቀ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የአንድ ሰው መሆኑ የሚቀረው። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቲዝን ላብ የሚባል የጥናት ቡድን አለ። ማርች 13 ቀን 2013 ባወጣው ዘገባ የፊንስፓይ መቆጣጠሪያ ሰርቨሮችን በ25 አገሮች ማግኘቱን ገለጸ፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነበር። ከዚህም አልፎ፣ የግንቦት 7 አመራሮችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የሚጠቀም አንድ የተመረዘ ፋይል አግኝተው ተንትነዋል። ሶፍትዌሩ ጋማ በተባለ ኩባንያ ተሠርቶ ለመንግሥታት የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ሱቅ ሄዶ የሚገዛ አይደለም። ክሱ እንደሚለው፣ ዘገባው በወጣ በአምስተኛው ቀን የኪዳኔን ኮምፒውተር ይቀዳ የነበረው ነገር ሥራውን አቆመ። አምስት ቀን! ሌባ መብራት ሲበራበት እንደሚሮጠው መሆኑ ነው። ሮጦ ግን ዱካውን አላጠፋም፤ የቀዳቸው ነገሮች ርዝራዥ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ነበር።

ዱካ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ሰው አንብቦ ሊያስረዳው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ ሕግ ቋንቋ ሊመልሰው ይገባል። የኪዳኔን ጉዳይ የያዘው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን፣ በምህጻሩ ኢኤፍኤፍ፣ ለዚህ የተፈጠረ ድርጅት ነው ማለት ይቻላል። አፈጣጠሩን ጥቂት ላውጋችሁ።

በማርች 1990 የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት አነስተኛ የጨዋታ አሳታሚ ድርጅትን ፈተሸ። ኮምፒውተሮቿን፣ ሊታተም የተዘጋጀ መጽሐፏን፣ ደንበኞቿ የሚጻጻፉበትን ሥርዓት ሳይቀር ጭኖ ወሰደ። ድርጅቷ ምንም ወንጀል አልሠራችም ነበር። ያኔ ፖሊሱም፣ ዓቃቤ ሕጉም፣ ብዙው ጠበቃም የኤሌክትሮኒክ መልእክት እንደ ፖስታ ይታይ ወይስ እንደ ዕቃ፣ የሚያውቅ አልነበረም። ኢኤፍኤፍ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች ሕግ አያውቁም፣ ሕግ የሚያውቁት ኮምፒውተር አያውቁም፤ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የጨዋታ ድርጅቷ ሴክሬት ሰርቪስን ከሳ አሸነፈች።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ለእኛ ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል። ዳንኤል በርንስታይን የሚባል የበርክሌይ ተማሪ አንድ የምስጠራ ፕሮግራም ጽፎ ለሕዝብ ሊያካፍል ፈለገ። የአሜሪካ መንግሥት አይቻልም አለው። በዚያ ዘመን የምስጠራ ፕሮግራም ወደ ውጭ በሚላኩ የጦር መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ነበርና፣ ለማሳተም የመሣሪያ ነጋዴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በርንስታይን በ1995 በኢኤፍኤፍ ድጋፍ ከሰሰ፤ ዋና ጠበቃው ሲንዲ ኮን ነበረች፣ በኋላ የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር የሆነችው። ክርክሯ፣ ኮድ መጻፍ መናገር ነው፣ መናገር ደግሞ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ተቀበላት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥትም ደንቡን አላላ። ዛሬ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ የምትጻጻፉት ነገር የሚመሰጠረው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሳይጠየቅ ነው። ለዚህ ነፃነት አንዳች አስተዋጽኦ ያደረገ ክስ ቢኖር ይሄ ነው።

ይህን ያነሳሁት ምስጠራን እንደ መሣሪያ የማየት በሽታ የአሜሪካ ብቻ ስላልነበር ነው። የኪዳኔ ክስ ዋሽንግተን በተመዘገበ በሁለት ወሩ፣ በኤፕሪል 2014 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ስሙን ታስታውሱት ይሆናል። ቃሊቲ ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ጦማሪያኑ ዘጠነኛው ዞን ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ብለው ነው ስማቸውን ያወጡት። ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ያለ ክስ ቆይተው፣ በጁላይ በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ምን ነበር? «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባለውን የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰድ። ይህ መማሪያ ለጋዜጠኞችና ለመብት ተሟጋቾች ተብሎ የተዘጋጀ፣ ማንም ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው ነገር ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል እንዴት ይመረጣል፣ ፋይል እንዴት ይመሰጠራል የሚል።

ሁለቱን ችሎቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥት ከሳሽ ነው፤ ወንጀሉ ኮምፒውተርን ከጠለፋ መጠበቅን መማር። ዋሽንግተን ላይ ያው መንግሥት ተከሳሽ ነው፤ በተባለው ነገር ኮምፒውተርን በመጥለፍ። የሁለቱም መዝገብ የ2014 ነው። እኔ ልቦለድ ጸሐፊ ብሆን ኖሮ «ይሄማ በጣም ተመቻቸ፣ አንባቢ አያምነኝም» ብዬ እተወው ነበር።

የአዲስ አበባዎቹ ከኋላቸው ኢኤፍኤፍ አልነበራቸውም። ሊኖራቸውም አይችልም ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ከልክሏል። ለሴቶች ነፃ የሕግ አገልግሎት በመስጠት የሚታወቀው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ የባንክ ሒሳቡ ታግዶ ሥራው ተሽመደመደ። የሴቶችን ጉዳይ የያዘው እንዲህ ከሆነ፣ የጦማሪ ኮምፒውተር ጉዳይ የሚይዝ ተቋም ከየት ይምጣ? የቀረው በየግላቸው የቆሙ ጥቂት ጠበቆች ነበሩ። የዞን 9 ተከሳሾችን የወከሉት አቶ አምሐ መኮንን ከነዚህ አንዱ ናቸው። የጠበቆቹ ፈተና ደግሞ የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ብቻ አልነበረም። አዋጁ ራሱ የደኅንነት ሪፖርት ምንጩ ሳይገለጽ በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ማን እንደጻፈው የማታውቁትን ወረቀት በምን መስቀለኛ ጥያቄ ትፈትኑታላችሁ?

ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ። በጁላይ 2015 አምስቱ ክሳቸው ተነሥቶ ወጡ፤ በኦክቶበር ፍርድ ቤቱ ቀሪዎቹን ጦማሪያን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። አንድ ዓመት ከስድስት ወር የሚጠጋ እስር፣ ውጤቱ «ወንጀል የለም»። ጠበቆቹ አሸንፈዋል። ዋጋው ግን አስቀድሞ ተከፍሏል።

ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። እዚያ ማንም አልታሰረም፣ ከሳሹም ቤቱ ነው የሚያድረው። ክርክሩ ሁሉ የተሽከረከረው በ1976 በወጣ አንድ ሕግ ላይ ነው። ሕጉ በመርህ ደረጃ የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት አይከሰስም ይላል፤ ከዚያ ጥቂት በሮች ይከፍታል። አንዱ በር፣ የውጭው መንግሥት አሜሪካ ምድር ላይ በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ነው። ምክር ቤቱ ይህን በር ሲከፍት በዋናነት ያሰበው የመኪና አደጋ ነበር። የአንድ ኤምባሲ ሾፌር ዋሽንግተን መንገድ ላይ ቢገጫችሁ ካሳ የምትጠይቁበት መንገድ ይኑር ተብሎ ነው።

የኪዳኔ ጠበቆች በዚች በር ለመግባት ሞከሩ። ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ ነው፣ ጥሪዎቹ የተቀዱት ሜሪላንድ ነው፣ የተጎዳው ሰው ሜሪላንድ ነው፤ እንግዲህ ጉዳቱ የት ደረሰ ልንል ነው? አሉ። የኢትዮጵያ ጠበቆች መልስ ደግሞ፣ ሶፍትዌሩን የላከው፣ ያዘዘው፣ ያሰበውም ሰው አሜሪካ አልነበረም፣ ስለዚህ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ በዚህ ደረጃ የሚከራከሩት ስለላው ተፈጽሟል አልተፈጸመም በሚለው ላይ አይደለም። በሕጉ አሠራር ፍርድ ቤቱ ለጊዜው ከሳሹ ያለውን እንደ እውነት ይዞ፣ «እውነት ቢሆን እንኳ ላየው ሥልጣን አለኝ ወይ?» ብሎ ነው ራሱን የሚጠይቀው። ማስረጃው ተመዝኖ አያውቅም።

በሜይ 2016 ዳኛ ራንዶልፍ ሞስ ክሱን ዘጉት። ማርች 14 ቀን 2017 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው፤ በሩ የሚከፈተው ድርጊቱ ከሐሳቡ እስከ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ሲፈጸም ነው፣ እዚህ ግን ሐሳቡም ላኪውም ውጭ ናቸው ብሎ። ከሳሾቹ የሌተልየርን ጉዳይ ጠቅሰው ነበር። ኦርላንዶ ሌተልየር የቀድሞ የቺሊ ሚኒስትር ነው፣ በ1976 ዋሽንግተን መሀል በመኪና ላይ በተጠመደ ፈንጂ ከአንዲት አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባው ጋር ተገደለ። ሤራው የተጠነሰሰው ቺሊ ቢሆንም፣ በ1980 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቺሊ ልትከሰስ ትችላለች ብሏል። የይግባኝ ዳኞቹ ግን ልዩነት አለው አሉ። የቺሊ ሰላዮች በአካል አሜሪካ ገብተው ነበር።

ለእኔ ሙሉ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ሰላይህ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ፣ መስኮትህን ሰብሮ፣ መሣቢያህን ቢበረብር መክሰስ ትችላለህ። ከቢሮው ሳይነሳ ከመሣቢያህ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ነገር ከኮምፒውተርህ ቢወስድ አትችልም። ሕጉ እግር ላለው ወንጀለኛ የተሰፋ ልብስ ነው። የዳኞቹን ጥንቃቄ እረዳለሁ፤ ነገ ሌላ አገር ያንኑ በር ከፍቶ የአሜሪካን ሰላዮች ሊከስስ ይችላል። ግን ይህ የመንግሥታት የእርስ በርስ ጨዋነት ነው፤ ሒሳቡን የከፈለው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሰውዬ ነው።

የድሮው የኛ አውጫጭኝ ትዝ ይለኛል። ወንጀል ሲፈጸም የዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም አይፈታም፣ ካልተገኘም አካባቢው በጋራ ይከፍላል። ጭካኔም ነበረበት፣ ንጹሕ ሰው እየተንገላታ። አንድ ነገር ግን አያጠያይቅም ነበር፦ ጉዳዩ የሚታየው ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ነው። «ሌባው ሲያስብ ጎረቤት ወረዳ ነበር» ብሎ የሚያመልጥ የለም።

ከፍርዱ ዘጠኝ ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 2017፣ ሲቲዝን ላብ ሌላ ዘገባ አወጣ። በውጭ ያሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶችና የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች፣ በዚህ ጊዜ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር ዒላማ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በፊት በ2014፣ የኪዳኔ ክስ ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የኢሳት ጋዜጠኞች በሦስተኛ ኩባንያ፣ በጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ዕቃ፣ መጠቃታቸውን ዘግቦ ነበር። አንዱ ሻጭ ሲጋለጥ ሌላው ይመጣል።

ታዲያ ኪዳኔ በከንቱ ነው የደከመው? እንደዚያ አይመስለኝም፤ ምክንያቴ ደግሞ ማጽናኛ አይደለም። ከሱ በኋላ የመጡት ጠበቆች ያንን ፍርድ አንብበው ሌላ መንገድ ፈለጉ። አንዱ መንገድ ገዢውን ትቶ ሻጩን መያዝ ነው። ጀርመን ውስጥ በ2019 ጠበቆች፣ የጋዜጠኞች ድርጅትና አንድ የኢንተርኔት ጋዜጣ ተባብረው የፊንስፓይ ሠሪ በሆነው ፊንፊሸር ላይ የወንጀል አቤቱታ አቀረቡ፤ ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ ሸጧል ብለው። በ2020 ቢሮዎቹ ተፈተሹ፣ በ2022 ኩባንያው ከሰረ፣ በ2023 የቀድሞ ኃላፊዎቹ ተከሰሱ። የጀርመኑ አቤቱታ ስለ ቱርክ ነበር፣ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም። ኩባንያው ግን ያው ነው። አሜሪካም ውስጥ ዋትስአፕ ኤንኤስኦ የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ በ2019 ሲከስስ፣ ኩባንያው የመንግሥታትን ያለመከሰስ መብት ሊጠለልበት ሞክሮ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት «አንተ መንግሥት አይደለህም» አለው።

ሁለተኛው መንገድ ያው የኪዳኔ ጥያቄ ነው፤ በሌላ አገር ፍርድ ቤት። ለንደን የሚኖሩ ሁለት የባሕሬን ተቃዋሚዎች ኮምፒውተራቸው በፊንስፓይ ተጠልፏል ብለው የባሕሬንን መንግሥት ከሰሱ። ባሕሬን የኢትዮጵያ ጠበቆች ዋሽንግተን ላይ ያሉትን የሚመስል ክርክር አቀረበች፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝ ውስጥ አልተፈጸመም የሚል። የእንግሊዝ ሕግም የወጣው በ1978 ነው፣ ከአሜሪካው በሁለት ዓመት ያንሳል፤ የመኪና አደጋ ዘመን ሕግ። በኦክቶበር 2024 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን፣ የድርጊቱ አንድ ክፍል እዚህ ከተፈጸመ ይበቃል፣ ባሕሬን ያለመከሰስ መብት የላትም ሲል ወሰነ።

አሜሪካ ውስጥ በሳይበር ጥቃት ምክንያት የውጭ መንግሥታትን ለመክሰስ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ በ2019፣ ከዚያም በ2021 ለኮንግረስ ቀርቦ ነበር። አልጸደቀም። የኪዳኔ መዝገብ ዛሬም ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ አለ፤ ከሳሹ ስም ላይ አሁንም «ኪዳኔ» ነው የሚለው።